ሁሉ ነገሩ ተቀይሮ ያው የሆነ ጨዋታ

«ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 6» የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ በአውሮፓ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2006 ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ላሚን ያማል የተወለደው ከዚያ በኋላ፣ በጁላይ 2007 ነው። ዛሬ ግን ይህን ጨዋታ ከነአዲሱ ማሻሻያው በኮምፒውተሩ ከፍቶ ባርሴሎናን የሚመርጥ ሰው ያማልን በቀኝ ክንፍ ቆሞ ያገኘዋል። ጨዋታው ሲወጣ የ7 ዓመት ልጅ የነበረው ኪሊያን ምባፔም የሪያል ማድሪድን ነጭ ማሊያ ለብሶ ይሮጣል። የጃፓኑ ኮናሚ ይህን ጨዋታ ለገበያ ማቅረብ ካቆመ ብዙ ዓመት አልፎታል። ስሞቹን፣ ፊቶቹን፣ ማሊያዎቹንና ስታዲየሞቹን በየውድድር ዘመኑ የሚያስገቡት ጨዋታውን የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ደመወዝ የላቸውም፤ ብዙዎቹም የሚታወቁት በቅጽል ስማቸው ብቻ ነው።

ሥራው ሞዲንግ ይባላል። የተጀመረውም ከችግር ነው። የኮናሚ ጨዋታዎች በሜዳ ላይ ውበታቸው ቢመሰገኑም የክለቦችን ስምና ዓርማ ለመጠቀም የሚያስፈልገው ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ አልነበራቸውም። ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ» ይባል ነበር። በ6ኛው እትም የጀርመን ቡንደስሊጋ ጭራሽ አልነበረም፤ ከክለቦቹ የተገኘው ባየርን ሙኒክ ብቻ ነበር። ስለዚህ ተጫዋቾቹ መጀመሪያ ያደረጉት ትክክለኛውን ስምና ማሊያ በጨዋታው የራሱ ማስተካከያ እየጻፉና እየሳሉ አስቀምጦ ፋይሉን ለሌላው ማካፈል ነበር። «ኦፕሽን ፋይል» የሚሉት ይህንን ነው።

ቀጥሎ «ኪትሰርቨር» የተባለ ፕሮግራም መጣ። አሠራሩ ልብ ሊባል ይገባዋል። ጨዋታው ምስሎቹን የሚያከማችባቸው ግዙፍ ፋይሎች አሉት። ኪትሰርቨር እነዚያን ፋይሎች አይነካም። ጨዋታው «የዚህን ክለብ ማሊያ አምጣ» ብሎ ወደ ፋይሉ ሲሄድ መንገድ ላይ ጠብቆ፣ ከጎን ካለ ሌላ ማህደር ውስጥ አዲሱን ማሊያ ያቀብለዋል። ጨዋታው ከራሱ የወሰደ ይመስለዋል። የ2006ቱ ምስል ከታች ሳይነካ ተኝቷል፤ ዓይን የሚያየው ግን የዘንድሮውን ነው።

ታዲያ ይህ ያው ጨዋታ ነው ወይስ ሌላ?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ የአቴና ሰዎች የጀግናውን የቴሴውስን መርከብ ለመታሰቢያ እንዳቆዩት፣ እንጨቱ በበሰበሰ ቁጥር አሮጌውን እያወጡ በአዲስ እንደተኩት፣ ፈላስፎችም «መርከቡ ያው ነው» እና «ያው አይደለም» በሚል ለሁለት እንደተከፈሉ ጽፏል። በአሮጌ የኳስ ጨዋታ ላይ ጥያቄው የበለጠ ይከብዳል። ሰው «ይህን ጨዋታ እወደዋለሁ» ሲል በዓይኑ የሚያየው ተጫዋች፣ ማሊያና ሜዳ ነው፤ የተቀየረውም ይኸው ሁሉ ነው። ከ2006ቱ ተጫዋቾች እነ ሮናልዲንሆ፣ እነ ቲየሪ ኦንሪ ጫማቸውን ከሰቀሉ ቆይተዋል። የሚታየው እንጨት በሙሉ አዲስ ነው።

መልሱን ከሞደሮቹ ክርክር ይልቅ ከእጃቸው ሥራ ማግኘት ይቀላል። የሚቀይሩትን ሳይሆን የማይቀይሩትን መመልከት ነው። «ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 6» ላይ ተጫዋች የሚዞረው በ8 አቅጣጫ ብቻ ነው። ከ2010ሩ እትም ጀምሮ ራሱ ኮናሚ ተጫዋቾቹን በ360 ዲግሪ ማዞርን እንደ ትልቅ እድገት አስተዋውቋል። በዛሬ ዓይን የ8 አቅጣጫው ነገር ጉድለት ነው። የጨዋታው ወዳጆች ግን ፊትን እስከ ጺሙ፣ ጫማን እስከ ማሰሪያው ድረስ አጥርተው ሲያድሱ ይህን ጉድለት እንዳለ ይተዉታል። የኳሱ ክብደት፣ ቅብብሉ ከእግር እስከ እግር የሚወስደው ጊዜ፣ ተከላካይ ሲጋፋ አጥቂው የሚንገዳገድበት ሁኔታ አይነኬ ነው። ይህን ጭምር የሚነካ ፓች (ማሻሻያ) አንዳንዴ ይወጣል፤ ያኔ ጠቡ የሚነሳው በዚያው ቅጽበት ነው። ማሊያ ሲቀየር «አመሰግናለሁ» የሚለው ሰው የኳሱ ፍጥነት ሲቀየር «ይህማ ሌላ ጨዋታ ነው» ይላል።

የአንድ ነገር ማንነት በትርጓሜ ሳይሆን በመታቀብ ሊታወቅ ይችላል ማለት ነው። ማንም ቁጭ ብሎ «የዚህ ጨዋታ ባሕርይ ይህና ይህ ነው» ብሎ ሕግ አላወጣም። ግን በተለያየ አገር የሚኖሩ፣ ፊት ለፊት ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ለዓመታት ሁሉን እየቀየሩ አንዱን ነገር ሳይነኩ መቅረታቸው ከማንኛውም ትርጓሜ የጠነከረ ምስክር ነው። የጨዋታው ባሕርይ ምስሉ ላይ የለም። ጣት ሲያዝ ኳስ እንዴት እንደሚታዘዝ፣ በዚያ መታዘዝ ውስጥ ነው ያለው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የመርከቡን ጥያቄ አከበደው። አንድ ሰው የሚጣሉትን አሮጌ እንጨቶች አንድ በአንድ ሰብስቦ በቀድሞው ሥርዓት ቢገጥማቸው ሁለት መርከብ ይኖራል፤ እውነተኛው የቱ ነው? ይህ የፈላስፋ ምናብ በኳስ ጨዋታዎች ዓለም በእውን ደርሷል። ፖል እና ኦሊቨር ኮልየር የተባሉ እንግሊዛዊ ወንድማማቾች የፈጠሩት «ቻምፒየንሺፕ ማናጀር» የአሰልጣኝነት ጨዋታ ነው። በ2003 የወንድማማቾቹ ኩባንያ ስፖርትስ ኢንተራክቲቭ ከአሳታሚው ከኤይዶስ ጋር ሲለያይ ኤይዶስ ስሙን ይዞ ቀረ፤ ስፖርትስ ኢንተራክቲቭ ኮዱንና የተጫዋቾቹን መረጃ ይዞ ወጣ። ስሙን የያዘው ወገን በ2005 አዲስ ጨዋታ ከባዶ ሠርቶ «ቻምፒየንሺፕ ማናጀር 5» አለው። እንጨቱን የያዘው ወገን በ2004 መጨረሻ «ፉትቦል ማናጀር» በሚል አዲስ ስም ብቅ አለ። አብዛኛው ተጫዋች ስሙን ትቶ እንጨቱን ተከተለ። በስሙ የቀጠለው ጨዋታ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሰመ፤ ሌላው ዛሬም አለ።

ሆብስ ያልገመተው ሦስተኛ መርከብም አለ። ከመለያየቱ በፊት በ2001 የወጣው «ቻምፒየንሺፕ ማናጀር 01/02» ከሁለቱም ወገን ተነጥሎ በወዳጆቹ እጅ ቀርቷል። ሜዳው ላይ ምስል የለውም፤ ግጥሚያው የሚተላለፈው እየበራና እየጠፋ በሚሄድ ጽሑፍ ብቻ ነው። ወዳጆቹ የዝውውር መስኮት በተዘጋ ቁጥር የክለቦችን ስብስብ ያድሱለታል፤ ስህተቶቹን ያርሙለታል፤ ከ2001 ውጭ በሌላ ዓመት እንዲጀምርም ኮዱን ከፍተው አስተካክለዋል። ግጥሚያውን የሚያሰላው ሞተር ግን የያኔው ነው።

እዚህ ላይ ማኅበረሰቡ ራሱ ለሁለት ይከፈላል፤ ክፍፍሉም ከዝንባሌ የጠለቀ ነው። አንዱ ወገን ጨዋታውን ከዘንድሮ ተጫዋቾች ጋር ይጫወታል። ሌላው ወገን የ2001ን መረጃ ፊደል ሳያጎድል ይጠብቃል። በዚያ መረጃ ውስጥ ማክሲም ፂጋልኮ አለ። የቤላሩሱ ዲናሞ ሚንስክ ወጣት አጥቂ ነበር። በጨዋታው በርካሽ ይገዛል፣ በየውድድር ዘመኑም ጎል ያዘንባል። ስሙ በብዙዎች ዘንድ የታወቀው በዚህ ነው። በእውነተኛው ሕይወቱ ጉዳት ቀድሞት ከሜዳ ወጣ፤ በዲሴምበር 2020 በ37 ዓመቱ አረፈ። መረጃው ሲታደስ ፂጋልኮ ከጨዋታው ይወጣል፤ እውነት ነውና። መረጃው ሳይታደስ ሲቀር በእያንዳንዱ አዲስ ጅማሮ እንደገና የ18 ዓመት ልጅ ነው፤ ጉልበቱ ጤነኛ፣ ዕድሜው ገና።

ያው የ2001 መረጃ ቶ ማዴይራ የሚባል ሰውም ነበረው። ጎቬያ በሚባል ትንሽ የፖርቱጋል ክለብ የሚገኝ ድንቅ አጥቂ ነው፤ ችግሩ እንዲህ ያለ ተጫዋች በዓለም ላይ አልነበረም። መረጃ የሚሰበስብ አንድ ሰው ያስገባው ልብ ወለድ ነበር፤ ኋላ ሲታወቅ ተወገደ። የጥንቱን መረጃ የሚጠብቁት ግን እሱንም ይጠብቁታል። ያልነበረ ሰው ተጫዋቾቹ በጋራ የሚያስታውሱት ሰው ሆኗል።

ማደስ እና መጠበቅ ተቃራኒ ይመስላሉ፤ በሥራ ሲታዩ ግን አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም። የጥንቱን መረጃ ብቻ የሚፈልገው ሰው እንኳ ጨዋታው በዛሬ ኮምፒውተር ላይ እንዲከፈትለት የሚያድሱት ሰዎች የሠሩት ማስተካከያ ያስፈልገዋል። የሚያድሱትም አይነኬውን ነገር የሚያውቁት የጥንቱ እትም በጎን ስላለ ነው። ማመሳከሪያው ቢጠፋ ለውጡ ልክ ያጣል።

ሳይታደስም ሳይጫወቱበትም የቀረ ጨዋታ ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኢትዮጵያ የራሷ ቼዝ ነበራት፤ ሰንጠረዥ። በቤተ መንግሥትና በመኳንንቱ ዘንድ ለዘመናት ሲጫወቱት የኖሩት ነው። ከሌላው ዓለም ቼዝ የሚለየው ትልቁ ነገር አጀማመሩ ነው። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች የባላጋራቸውን እጅ እያዩ ጠጠራቸውን በፈለጉት ፍጥነት ያሰልፋሉ። ይህ ወረራ ይባላል። ተራው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በአውሮፓ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ንግሥቲቱ በሰሌዳው ላይ ሁሉ እንድትሄድ ሕጉ ሲቀየር ሰንጠረዥ በጥንቱ ሕግ ጸና፤ ፈርዝ የሚባለው ጠጠር በሰያፍ አንድ እርምጃ ብቻ እየሄደ ቀጠለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ግን ዓለም አቀፉ ቼዝ ሲስፋፋ ሰንጠረዥ ተጫዋች አጣ። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ታሪኩንና ሕጉን በ1971 ጽፈው ባያትሙት ኖሮ የምናውቀው ከዚህም ያነሰ ይሆን ነበር።

የፕሮፌሰሩ ጽሑፍ ሕጉን አድኖታል። በወረራው ውስጥ የባላጋራን ጣት የማንበብ ችሎታ፣ መቼ መፍጠን መቼ ማዘግየት እንደሚገባ የሚያውቅ ልምድ ግን በጽሑፍ አይተላለፍም። ያ የሚተላለፈው ከተጫዋች ወደ ተጫዋች፣ በመሸነፍ ጭምር ነው። በመዝገብ መኖርና በሕይወት መኖር የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። በ2007 የስታንፎርዱ ሄንሪ ሎውድና ባልደረቦቻቸው ለአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቁ ይገባል ያሏቸውን 10 የቪዲዮ ጨዋታዎች ሲዘረዝሩ ከስፖርት ወገን የገባው አንድ ብቻ ነበር፤ የ1994ቱ «ሴንሲብል ወርልድ ኦፍ ሶከር»። ወደ 1,500 ቡድኖችና 27,000 ተጫዋቾች የያዘ፣ ሰዎቹ ከጣት ጥፍር ያነሱ ጨዋታ ነው። ዝርዝሩ ክብር ሰጥቶታል። ኳሱ ከተመታ በኋላ በአየር ላይ እንዳለ አቅጣጫውን የማጠፍ ጥበቡን ያቆዩት ግን የተጫዋቾቹን ስም እያደሱ እስካሁን ውድድር የሚያዘጋጁለት ወዳጆቹ ናቸው።

ሞዲንግ ከማቆየትም ያለፈ ነገር ያደርጋል፤ ያልተጠሩትን ያስገባል። በ1990ዎቹ ብራዚል ውስጥ የኮናሚን «ኢንተርናሽናል ሱፐርስታር ሶከር ዴሉክስ» የፈቱ ሰዎች ብሔራዊ ቡድኖቹን አውጥተው የአገራቸውን ክለቦች በማስገባት «ካምፔዮናቶ ብራዚሌይሮ 96» አሉት። በኋላም «ቦምባ ፓች» የተባለው የብራዚል ሞድ በፕሌስቴሽን 2 ላይ ገነነ። ሶኒ ፕሌስቴሽን 2ን ማምረት ካቆመ በኋላም አዳዲስ እትሞቹ መውጣታቸውን ቀጠሉ። ውድ መሣሪያ መግዛት ለማይችል ቤተሰብ ይህ የዘንድሮን ሊግ በአሮጌ መሣሪያ የመጫወት ዕድል ነበር።

በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች ፕሌስቴሽን ቤት ተራ ጠብቆ ያደገ ትውልድ ይህን ለመረዳት ማስረጃ አይፈልግም። ዛሬም በርካሽ ስልክ ላይ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ ለቀድሞው የእጅ ፕሌስቴሽን የተሠሩ የኳስ ጨዋታዎችን አዲስ ተጫዋቾች ተጨምረውባቸው የሚጫወቱ ወጣቶች ብዙ ናቸው። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በፊፋም ሆነ በፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር ኦፊሴላዊ እትሞች ውስጥ አልነበረም። በቅዱስ ጊዮርጊስ ወይም በኢትዮጵያ ቡና ማሊያ መጫወት የሚሻ ልጅ ያለው አማራጭ ማሊያውን ራሱ መሳል ነው።

ይህ ሁሉ ሥራ የማን ነው? የሕጉ መልስ ግልጽ ነው፤ ኮዱ የኩባንያው፣ ዓርማው የክለቡ፣ ፊቱም የተጫዋቹ ነው። ሞደሩ በሕግ ፊት ባዶ እጁን ነው። ይህም ያለ ምክንያት የተደነገገ አይደለም። ደራሲ በሥራው ላይ መብት ከሌለው ነገ የሚሠራ አይኖርም። የሌላውን ልፋት በነጻ አውርዶ በሲዲ ገልብጦ የሚሸጥም አለ፤ ያ ሰው ኩባንያውንም ሞደሩንም ነው የሚበድለው።

ሆኖም ከሕጉ ጎን የሚቆም ሌላ ሚዛን አለ። ጆን ሎክ ሰው ድካሙን ያፈሰሰበት ነገር ላይ መብት እንዳለው ሲያስተምር በአእምሮው የነበረው መሬት ነው፤ ጦም ያደረ መሬት አርሶ ፍሬ ያወጣ ሰው። የኳስ ጨዋታዎች ከሌላው ይልቅ ፈጥነው ጦም ያድራሉ። የክለቦችና የሊጎች ፈቃድ የጊዜ ገደብ አለው፤ ጊዜው ሲያልቅ ጨዋታው ከመሸጫው ይነሳል። ኤሌክትሮኒክ አርትስ ከፊፋ ጋር ተለያይቶ በ2023 «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ»ን ሲጀምር የፊፋን ስም የያዙት የቀድሞ ጨዋታዎቹ ከዲጂታል መደብሮች ወረዱ። በዚያው ዓመት የቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን ባወጣው ጥናት መሠረት ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡ ጨዋታዎች 87 በመቶው በገበያ ላይ አይገኙም። ባለቤቱ አይሸጠውም፣ አይጠግነውም፤ ግን የእሱ ነው። ሌላው ደግሞ በየሌሊቱ ይጠግነዋል፤ ግን የእሱ አይደለም። የኮናሚ የኢንተርኔት አገልግሎት ከተዘጋ በኋላ «ፋይቭሰርቨር» የሚባል የራሳቸውን ሰርቨር ጽፈው ሰውን ከሰው ያጋጠሙት እነዚሁ ባለቤት ያልሆኑት ናቸው።

ባለቤትነትን እንዳለ ትቶ አደራን ማወቅ ይቻላል። ኤይዶስ በዲሴምበር 2008 «ቻምፒየንሺፕ ማናጀር 01/02» በነጻ እንዲወርድ ፈቀደ። ከሽያጭ የሚያገኘው ያን ያህል አልነበረም፤ ለወዳጆቹ ግን ከሌብነት ጥርጣሬ ነጻ የሆነ ሜዳ ሰጣቸው፤ ጨዋታው እስከ ዛሬ መዝለቁም በከፊል የዚያ ውሳኔ ፍሬ ነው። በአውሮፓ «ስቶፕ ኪሊንግ ጌምስ» የተባለው ዘመቻ ዩቢሶፍት በ2024 «ዘ ክሩ» የተባለውን የመኪና ጨዋታ ከዘጋ በኋላ ተነስቶ በ2025 ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ ያሰባሰበው ለዚሁ ነው። ጥያቄው ኩባንያ ጨዋታን ለዘላለም ይደግፍ የሚል አይደለም። ሲተወው ሌሎች ሊያቆዩት በሚችሉበት ሁኔታ ይተወው የሚል ነው።

አደራው ሞደሮቹንም ይመለከታል። ሜጋአፕሎድ የተባለው የፋይል ማከማቻ በጃንዋሪ 2012 በአሜሪካ መንግሥት ሲዘጋ እዚያ የተቀመጠ ፋይል ሁሉ ከባለቤቱ ተለየ፤ አንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ሥራ ዕጣው ይህ ነው። ከፋይሉ ይልቅ የሚያሳስበው ደግሞ ዕውቀቱ ነው፤ የትኛው ቁጥር የኳሱን ክብደት እንደሚወስን፣ የትኛው ባይት ቢነካ ግጥሚያው እንደሚበላሽ፣ ለምንስ እንዳይነካ እንደተስማሙ። አብዛኛው ይህ በጥቂት ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። ሰንጠረዥን የተጫወቱ ሰዎች ወረራውን ለልጅ ለማስተማር ጊዜ እንዳላቸው ሲያስቡ ተጫዋቹ አለቀ። የ2001ንና የ2006ን ጨዋታዎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጣታቸው የሚያውቁት ሰዎች ግን አብዛኞቹ ገና ጎልማሶች ናቸው፤ የሚያውቁትን መጻፍ፣ በብዙ ቦታ ማስቀመጥና አጠገባቸው ላለው ወጣት ሁለተኛውን ጆይስቲክ መስጠት በእጃቸው ያለ ሥራ ነው።